እናቴ ያጠፋቻቸው ፎቶዎች

አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪና ነድተዋል። መጀመሪያ የጭነት፣ ኋላ ከወልድያ ደሴ የሚመላለስ የሕዝብ ማመላለሻ። ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ እምቢ ሲላቸው መርሳ ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። መቀመጡ ግን አልሆነላቸውም። ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ወጥተው የሚያልፈውን መኪና ሲያዩ ያረፍዱና ማን እንደሚነዳው፣ ጎማው እንዴት እንደተበላ፣ ስንት ሰው ትርፍ እንደጫነ ተመልሰው ለእናቴ ያወሩላታል። ከጅዳ የተመለሰች የጎረቤታችን ልጅ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ የሸጠችላቸው በዚያ ሰሞን ነው።

ስልካቸው ፎቶ እንደሚያነሳ ነግሬአቸው ነበር።

«ስልክ ቁልፍ የለውም» አሉኝ። «ጣቴን አሳርፍበታለሁ፣ ዝም ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳልነካው ይጮሃል። ይኼ ግን ስትጫኚው ቀጭ ይላል። እንደ ማርሽ ነው፤ መግባቱን ታውቂያለሽ።»

ከዚያ ወዲያ ያላነሱት ነገር የለም። የጓሯችንን ማንጎ ሲያብብም ሲያፈራም አነሱት። መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ መኪና፣ ድልድይ፣ የገበያ ቀን ግመል፣ መናኸሪያ የሚያገኟቸው የድሮ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ካሜራው ውስጥ ገቡ። እናቴን ግን ማንሳት አልቻሉም። ካሜራው ወደ እሷ ሲዞር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ታነሳዋለች። አንዳንዴ ሳያስቡት ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። «የሌባ ፎቶ አስመሰልሽብኝ» ይሏታል።

እኔ ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። እዚያው ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መርሳ እወርዳለሁ። ላፕቶፔን ስለምይዝ በመጣሁ ቁጥር፣ «አባየ፣ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒዩተር ልገልብጥልዎት» እላቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፊታቸው ተለወጠ።

«ሾፌር ቤት ውስጥ ይኼ ቃል አይነሳም» አሉ።

«እሺ፣ ኮፒ ላድርግልዎት።»

«ያው ነው። እህሉን ከጎተራ ወደ ጆንያ ከገለበጥሽው ጎተራው ባዶውን ይቀራል። ሰዎቼ ካሜራዬ ውስጥ ይቀመጡልኝ።»

«ይኼ እንደ እህል አይደለም፤ እንደ እሳት ነው። ጎረቤት መጥታ እሳት ብትጭር የእኛ እሳት ይጎድላል?»

ትንሽ አሰቡበት። «ነገሩ ጥሩ ነው» አሉ። ካሜራውን ግን አልሰጡኝም። እንዲህ ሆኖ ወደ ሁለት ዓመት ቆየ።

ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው የባልንጀራቸው ሙት ዓመት ነው። እኒያ ሰው ከአባቴ ጋር አብረው ረዳትነት የጀመሩ፣ አብረው መንጃ ፈቃድ ያወጡ፣ አንድ መኪና ተፈራርቀው የነዱ ነበሩ። ሙት ዓመታቸው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባለቤታቸው ቤታችን መጡ። ቤታቸው ያለው ፎቶ የድሮ የመታወቂያ ጉርድ ብቻ ነው፤ እሱም ደብዝዟል። «አንቱ ባለፈው ዓመት መናኸሪያ ውስጥ አንስተዋቸው ነበር አሉ» አሏቸው አባቴን። አባቴ ካሜራውን አምጥተው አሳዩአቸው። በካሜራው ትንሿ መስታወት ላይ ባልንጀራቸው አንድ እጃቸውን የሚኒባስ በር ላይ አሳርፈው፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ይስቃሉ። ሴትዮዋ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ያዙትና ብዙ ቆዩ።

በማግሥቱ አባቴ ደወሉልኝ። «ቅዳሜ ስትመጪ ያን ማሽንሽን ይዘሽ ነይ። ያልሽውን አድርጊው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አስጠግተን ተቀመጥን። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው። ካሜራውን በገመዱ አገናኘሁት። ከስድስት መቶ በላይ ፎቶ ነበረው፤ ካርዱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። አባቴ ከአጠገቤ ወንበር ስበው መነጽራቸውን አደረጉ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮፒ ማድረግ ነበረብኝ። ግን ካርዱ ሊሞላ ስለደረሰ፣ ፎቶዎቹ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲያልፉ ከካሜራው እግረ መንገዳቸውን ይውጡ ብዬ ቆርጦ የሚወስደውን መረጥኩ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። እንደ እሳት ነው ያልኳቸውን እኔው በገዛ እጄ እንደ እህል አደረግሁት።

አረንጓዴዋ መስመር ቀስ እያለች ስትጓዝ አባቴ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«የት ደረሱ?»

«ሲሶው ገብቷል።»

«አይጣደፍ። ቀስ ብሎ ይግባ።»

ትንሽ ቆይቶ ውጭ የሚጠራቸው ሰው መጣና ወጡ። እሳቸው በሩን ከማለፋቸው መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ መስታወት ጥቁር ሆነ። እናቴ ከጓዳ፣ «ሄደ እንዴ?» አለችኝ። መብራቱን ማለቷ ነው። ሄደ አልኳት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት ተመልሶ ኮምፒዩተሩን ስከፍተው ወደ ሁለት መቶ ፎቶ ገብቷል። ማንጎው አለ፤ ግመሉም አለ። ቀጥዬ ካሜራውን ከፈትኩት። ምንም ምስል የለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ መጣ። አጥፍቼ ከፈትኩት። ካርዱን አውጥቼ በነጠላዬ ጠርጌ መለስኩት። ያው ነው። ከአራት መቶ በላይ ፎቶ የለም፤ ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው የሚስቁት ሰውዬም የሉም።

አባቴ ተመልሰው፣ «እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ፣ «ጥሩ ነው አባየ» አልኳቸው። «ካሜራውንም ልውሰደው፤ ወልድያ በደንብ ይታተማል።» ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም ማለት አልችልም፤ ግን እንደዚያ ቀን ውሸቴ አፌ ውስጥ ደርቆ አያውቅም። እሳቸው ካሜራውን በጨርቅ ቦርሳው ከተው፣ ማሰሪያውን ሁለቴ አስረው ሰጡኝ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት በባጃጅ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን ጭንቅላቷ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ዓይኗን ከኮምፒዩተሯ ሳታነሳ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ከዚያ በኋላ በካርዱ ፎቶ አንስተሻል?»

«አላነሳሁም።»

«ሌላ ነገር አስገብተሽበታል?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አሉ» አለች። «ፎቶ ሲጠፋ ወዲያው አይሄድም። የሚጠፋው አድራሻው ነው። ሌላ መጥቶ እስኪተኛበት ድረስ እሱ ከቦታው አይነሳም። ካርዱን ተዪልኝና ነገ ነይ።»

በማግሥቱ ስሄድ ከአጠገቧ ወንበር አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። «ስንት ነበር የጠፋብሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ከጠፋብሽ በላይ ነው የመጣልሽ» አለችና መስታወቱን ወደ እኔ አዞረችው። ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ተደርድረዋል። የአባቴ ሰዎች ግን አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። የባልንጀራቸውን ፎቶ ፈልገን አገኘነው። ከወገብ በታች ያለው ግራጫ ሆኗል፤ ከወገብ በላይ ግን ኮፍያውም፣ ሳቁም፣ በሩ ላይ ያረፈው እጅም አንድ ነገር አልጎደለባቸውም። እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ እንዳላየች ሆነች።

«ትርፉ ምንድን ነው?» አልኳት ከተረጋጋሁ በኋላ።

«ድሮ የተደመሰሰም አብሮ ይወጣል። ባለካሜራው አንስቶ አልፈልግም ብሎ ያጠፋው ነው። እኔ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት፤ ሳላስፈቅድሽ መቀጠል አልፈለግሁም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኒህ እናት እናትሽ ናቸው?»

አየሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግንባርና የቤታችን ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ላይ አንድ ጆሮ፣ ከነጉትቻው። ሦስተኛው ላይ ፍላሹ ያስጨፈናት ሴት፤ እናቴ። እጇን ዘርግታ ካሜራውን ወደ ራሷ አዙራ ነው ያነሳችው፤ ክንዷ በየፎቶው ጥግ ይታያል። ወደ አርባ ይሆናሉ። እየቆየ ሲሄድ እጇ ተስተካክሏል። በመጨረሻዎቹ ላይ ብርሃኑ ጥሩ የሆነበትን ቦታ አግኝታለች፤ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ነጠላ የለም፤ ሻሽ የለም። ያልተሠራ፣ ሽበት ያለበት ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ከንፈሯን ገጥማ ፊት ለፊት ታያለች። በሕይወቴ እናቴ እንዲህ ስታይ አይቻት አላውቅም።

የሰው ደብዳቤ ከፍቶ እንደማንበብ ሆነብኝ። እናቴ ካሜራ መንካት እንደምትችል እንኳ አላውቅም ነበር። አንስታለች፤ አይታለች፤ እያንዳንዱንም አጥፍታለች።

«እዚያው ልተዋቸው ወይስ ላውጣልሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«ለብቻ ፍላሽ ላይ አድርጊልኝ» አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሚኒባስ ስወርድ የታተመውን ፎቶ በካርቶን መሐል አድርጌ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ሲሪንቃን እስክናልፍ ለአባቴ የምለውን እያዘጋጀሁ፣ ከዚያ መርሳ እስክንደርስ ለእናቴ የምለውን እያዘጋጀሁ ሄድኩ። ስደርስ ሁለቱንም ረሳኋቸው።

አባቴ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባየ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ቀን ዋሽቼዎታለሁ። ፎቶዎቹ መሐል መንገድ ላይ ተገለበጡብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መብራትም ጠፋ።»

ዱላቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ሰው ተርፏል?»

«ሁሉም ተርፈዋል። የባልንጀራዎ እግር ብቻ ነው የቀረው።»

ካርቶኑን ከፈትኩላቸው። ፎቶው ትልቅ ነው፤ ከወገብ በታች ያለው ተቆርጦ ቀርቷል። አባቴ በአውራ ጣታቸው የኮፍያውን ጫፍ ነኩት። «ለእሱ እግር ምን ያደርግለታል» አሉ። «ፍሬን የሚረግጠው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነበር።» ከዚያ ሳቁ፤ ዓይናቸውም ሞላ። ጃኬታቸውን ለብሰው ፎቶውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ባልንጀራቸው ቤት ሄዱ።

ቤቱ ለእኔና ለእናቴ ቀረ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ነይ እስቲ አልኳት። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች። የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈትኩት፤ ግንባርና ቆርቆሮ። ሁለተኛውን ከፈትኩት። ጉትቻዋን አወቀችው።

«እኔ አጥፍቼው አልነበረም?»

«አጥፍተሽው ነበር። ወልድያ ያለችው ሴት ናት የመለሰቻቸው።»

«ምን ያለ ነገረኛ ዕቃ ነው» አለችና ቁጭ አለች። «አባትሽ አይቷል?»

«አላዩም። ካንቺ በቀር ማንም አያየውም። እምቢ ካልሽ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

ጣቷን አንስታ አስቆመችኝ። «ሌላውን አሳዪኝ እስቲ።»

አንድ በአንድ አሳለፍኩላት። መሐል ላይ ድንገት የአባቴ ፎቶ መጣ፤ ግንቡን ተደግፈው ተኝተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ አንድ ዝንብ አፍንጫቸው ላይ አርፎ። እናቴ ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ይችን እንኳ ተያት» አለች። ያ ሳቅ ልቧን ከፈተው መሰለኝ፤ ሳልጠይቃት ማውራት ጀመረች።

እናቷ የሞቱት እሷ ጥርሷን ነቅላ ሳትጨርስ ነው። ያሳደጓት ታላቅ እህቷ ናቸው፤ ከውርጌሳ ወጣ ብሎ ያሉት አክስቴ። ያን ጊዜ በገጠሩ ካሜራ የሚባል ነገር አልነበረም።

«የእናቴን እጅ አስታውሰዋለሁ» አለችኝ። «ጸጉሬን ስትሠራኝ የሚያመኝን አስታውሳለሁ። ፊቷ ግን ጠፋብኝ። መቼ እንደጠፋብኝም አላውቅም፤ አንድ ቀን ልፈልጋት ብል የለችም። ለማንም አልተናገርኩትም። የእናቴን ፊት ረሳሁት ተብሎ ለማን ይወራል?»

«ካሜራውስ?»

«ለቅሶም ሄድኩ ሠርግ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ያዩኛል፤ ቁርጥ እናትሽን ይሉኛል። ዕድሜሽ በገፋ ቁጥር እሷኑ ሆንሽ ይሉኛል። እንግዲያው እሷ እኔ ዘንድ ናት፣ ብፈልጋት አገኛታለሁ አልኩ። መስታወት ሞከርኩ። መስታወት ላይ ስቆም ግን ሻሼን ለማስተካከል ነው የምቆመው፤ ሌላ ነገር አላይም። አባትሽ ሲያነሳኝ ደግሞ ሰው ፊት የማመጣውን ፊት ነው የሚያነሳብኝ። ስለዚህ አስፋልት ዳር ሲወጣ ጠብቄ ካሜራውን አወርደዋለሁ። ሲነካካው አይቼ ነው የተማርኩት፤ የማጥፊያዋ ቁልፍ የቅርጫት ሥዕል አለባት።»

«አገኘሻት ታዲያ?»

«የካሜራው ትንሿ መስታወት ላይ ምን ይለያል? አንድ ጊዜ ያገኘኋት መሰለኝና መልሼ ሳያት እኔው ነኝ። ይኼን ያህል ትልቅ አድርጌ አላየሁትም።» ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች። «ቀጥይ።»

መስኮቱ ሥር ያሉት ጋ ስንደርስ፣ ጸጉሯ የወረደበት ላይ፣ እጄን ያዘችኝ። ብዙ አየችው። መነጽሬን ተቀብላ እንደገና አየችው።

«እንጃ» አለች በመጨረሻ። «እሷ ብትሆን እኔ በምን አውቃለሁ? የምታውቀው እህቴ ናት።»

ያችን አንዲት ፎቶ በሳምንቱ አሳትሜላት መጣሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔና እሷ በሚኒባስ ወደ ውርጌሳ ሄድን፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በእግር ወጣን። ካሜራውን ከአባቴ ለምና ወስዳ ነበር፤ «እህቴን ላስነሳት» ስትላቸው እኔ እንደማነሳ መስሏቸው ሰጧት።

አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ማሽላ ያበጥራሉ። ተሳሳምን፤ ጤና ተጠያየቅን። እናቴ እስኪረጋጉ እንኳ አልጠበቀችም። ፎቶውን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«እትየ፣ ይችን አየሻት?»

አክስቴ ፎቶውን ራቅ አድርገው ያዙት፤ ጠጋ አደረጉት። «አንቺ ነሽ» አሉ። «ደሞ ጸጉርሽን ምን ሆንሽ?»

«እኔስ ነኝ። እናታችንን አልመሰልኩም?»

አክስቴ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። «እሷን?» አሉ። «አይ። እሷ ፊቷ ረዘም ያለ ነው። ይኼ ግንባር የአባታችን ነው፤ ጉንጩም የእሱ ነው።»

የእናቴ ፊት እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልም። «ሰው ሁሉ ቁርጥ እሷን ይለኛል እኮ» አለች፤ ድምጿ የልጅ ሆነ።

«እነሱ ምን ያውቃሉ? ያዩዋት ከሩቅ፣ ገበያ ላይ ነው። አካሄድሽን አይተው ይሆናል።» አክስቴ ፎቶውን እንደገና አነሱት። በመዳፋቸው የላይኛውን ግማሽ ሸፈኑት። ከአፍንጫ በታች ብቻ ቀረ። እጃቸው እንደዚያ እንዳለ ቆመ።

«አፏ ግን ይኸው» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ነበር የምትገጥመው። ስፌት ስትሰፋ የአለላው ቀለም ከበዛባት እንዲህ ገጠም አድርጋ ዝም ትላለች። እንዲህ ስትሆን እኔ አላናግራትም ነበር።» ቀጥለውም፣ «ዓይኗን ከፈለግሽ እኔ ዘንድ ነው። አባታችን ሲቆጣኝ፣ በእናትሽ ዓይን አትዪኝ ይለኝ ነበር» አሉ።

እናቴ ካሜራውን ከቦርሳው አወጣች። እኔን አልጠራችም። «እትየ፣ ሻሽሽን ወደ ኋላ አድርጊው። ወደ እኔ እይ» አለቻቸው። አክስቴ ለፎቶ እንደሚቀመጥ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ፊታቸውን አጠበቁ። «እንደዚያ አይደለም» አለች እናቴ። «ማሽላውን አበጥሪ። ቆይተሽ ቀና በይ።» አክስቴ አበጠሩ፤ እናቴ ተንበርክካ ጠበቀች። ሰባት ስምንቴ አነሳቻቸው። እኔ ከቤቱ ጥግ ቆሜ ያየሁት እናቴ ሙያ እንዳላት ነው፤ መቼ መጫን እንዳለባት ታውቃለች።

ከዚያ ሁለቱ እህትማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የእናታቸው አፍንጫ ለማን እንደደረሰ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተከራከሩ። አፍንጫው ለእኔ ደረሰ ተባለ። ወደ ብርሃን አዙረው አገላብጠው ካዩኝ በኋላ ግን ተዉት፤ የአባቴ ወገን ሆኖ ተገኘ።

መርሳ ስንመለስ ገና ፀሐይ ነበረች። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «ያን ነገር እኔ ልሥራው» አለችኝ። ወንበሩን ለቀቅኩላት። ገመዱን ካሜራው ላይ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ሁለቴ ሞክራ አገኘችው። ላፕቶፑ ላይ የካሜራው ፎቶዎች ያሉበትን ፎልደር አሳየኋት፤ ከፈተችው። የምትፈልጋቸውን መረጠች። ኮፒ የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አቁማ አየችኝ።

«ይኼ ነው የማያጠፋው?»

«እሱ ነው።»

ተጫነችው። መስመሯ ከዳር እስከ ዳር ስትሄድ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ከዚያ ካሜራውን አንስታ ከፈተችና አክስቴ እዚያም መኖራቸውን አረጋገጠች። የላፕቶፑ መስታወት ላይም አሉ፤ ከማሽላው ቀና ሲሉ፣ ዓይናቸው ውስጥ ትንሽ ሳቅ ሊመጣ ሲል ነው የተያዙት። አጠገቡ የእሷን የመስኮቱን ፎቶ ከፈትኩላት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ የአክስቴን ዓይንና የእናቴን አፍ።

«ያች ወልድያ ያለችው ሴት ይኼን ዓይን እኔ ፊት ላይ ልታደርገው ትችላለች?» አለችኝ።

«ትችላለች። አይከብዳትም።»

ብዙ አሰበች። አባቴ መጥተው ከኋላችን ቆመው ነበር፤ ምን እንደምናይ ባይገባቸውም የእናቴን ፊት ፎቶው ላይ ያለ ነጠላ ስላዩ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«ተዪው» አለች። «ያልነበረች ሴት ትሆንብኛለች። እንዲህ ለየብቻ ይሻለኛል፤ አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ አያለሁ።»

ሁለቱን ፎቶ አሳትሜ በአንድ ፍሬም አደረግሁላት፤ ሳሎኑ ውስጥ የአባቴ መንጃ ፈቃድ ከተሰቀለበት ጎን ተሰቅሏል። አባቴ ነገሩን ቆይተው ሰሙ። እኔ አልነገርኳቸውም፤ ራሷ ናት የነገረቻቸው። ምን እንዳሏት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ፎቶ ሊያነሷት ሲፈልጉ ካሜራውን ይሰጧትና ይወጣሉ።

አሁን ቅዳሜ ስመጣ ላፕቶፑን ከቦርሳዬ የምታወጣው እሷ ናት። የሷን ፎቶ በአንድ በኩል፣ የአባቴን በሌላ በኩል ትከምራለች። የአባቴ መኪናና መንገድ ነው፤ የሷ የሰው ፊት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ አባቴ ቁምሳጥኑን፣ አልጋው ሥር፣ የመሶቡን ክዳን ሳይቀር ሲያስሱ አገኘኋቸው። አስፋልቱ ዳር አንድ የድሮ ሞዴል የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሳይሄድባቸው ሊያነሱት ፈልገዋል። ካሜራው የለም። እናቴ ከጠዋቱ ይዛው ማኅበር ሄዳ ነበር።